ገብስማና ዝግራማ፦ የላባ ወገን በዶሮዋ ላይ ነው ወይስ በስሟ?

ገብስማ፣ ዝግራማ፣ ቆቅማ፣ ወሰራ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ፤ የሐበሻ ዶሮ ገበያ ላይ የሚጠራው በእነዚህና በመሰል ስሞች ነው። ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ ተራ የቀለም ስሞች ናቸው፤ ለበሬም ለነጠላ ጥለትም ያገለግላሉ። በ«ማ» የሚጨርሱት ግን ንጽጽር ናቸው። ገብስማ ገብስን፣ ቆቅማ ቆቅን፣ ዝግራማ ደግሞ በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የተረጨባትን ዝግራን ታስታውሳለች። ያቺ ቅጥያ ቡናማና አመድማ በሚሉት ቃላት እንደምታደርገው ሁሉ መምሰልን ትናገራለች፤ መሆንን አትናገርም። ነጭና ቀይ የተቀላቀለባት ወሰራ ብቻ ከዚህ ሥርዓት ወጣ ትላለች። መምሰል ደግሞ ደረጃ አለው። አንዲት ዶሮ ገብስንም በጥቂቱ፣ ዝግራንም በጥቂቱ ልትመስል ትችላለች፤ ያን ጊዜ ሻጩ በአንድ ስም ሲጠራት ገዢው በሌላ ይጠራታል። የስሞቹም ድንበር ከአገር አገር ይለዋወጣል። ታዲያ ገብስማን ከዝግራማ የሚለይ ሰው በዶሮዋ ላይ የነበረ ድንበር አገኘ ነው የሚባለው ወይስ ራሱ ድንበር አሰመረ?

ጥያቄው የፍልስፍና ቢሆንም መልሱ ከላባ ይጀምራል። የሚመሳሰሉ ቀለሞችን መለየት የሚሻ ሰው ዶሮዋን በጠቅላላው ከማየቱ በፊት አንዲት ላባ ነቅሎ ቢመለከት ይሻለዋል። ከሩቅ ግራጫ የምትመስል ዶሮ ላባዋ ሲታይ በነጭና በጥቁር መስመር በአግድም የተሸነተረ ሊሆን ይችላል። የሌላዋ ላባ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ሆኖ ጫፉ ላይ ብቻ ነጭ ጠብታ ይኖረዋል። የሦስተኛዋ ደግሞ እያንዳንዱ ላባ አንድ ቀለም ኖሮት፣ ነጩና ጥቁሩ ጎን ለጎን በቅለው ይገኛሉ። ከአሥር እርምጃ ርቀት ዓይን አንድ የሚያደርጋቸው እነዚህ ሦስቱ፣ በጣት ሲያዙ ጨርሶ አይገናኙም። ዕድሜም ያሳስታል፤ ቄብ ሳለች ጥቂት ነጭ ጫፍ ብቻ የነበራት ዶሮ ላባዋን በለወጠች ቁጥር ነጩ ይበዛባታል፤ ትናንት ጥቁር ለመባል ትንሽ የቀራት ዛሬ ዝግራማ ትሆናለች። ፀሐይ ደግሞ ነጩን ቢጫማ ያደርገዋል፤ ቀዩን ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ክንፍ ሥር ተሸፍኖ የቆየው ላባ ከጀርባው ላባ ይልቅ ታማኝ ምስክር ነው።

ሁለት ከውጭ የመጡ ዝርያዎች ጉዳዩን በደንብ ያሳያሉ። ፋዩሚ ከግብፅ የመጣ ዶሮ ነው፤ ኩኩክ ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ፖቸፍስትሩም ተዳቅሎ የተገኘና በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል ኢትዮጵያ ውስጥ የታወቀ ነው። የሁለቱም ሴቶች ሽንትር ናቸው፤ ገበያ ላይ ያየ ሰው ሁለቱንም ገብስማ ቢላቸው አይፈረድበትም። አንገታቸውን ያየ ግን አይሳሳትም። የፋዩሚ ራስና አንገት ንጹሕ ነጭ ሆኖ ሽንትሩ ከዚያ በታች ይጀምራል፤ የኩኩክ ሽንትር ከራስ እስከ ጅራት አይቋረጥም። አውራዎቹ ይበልጥ ይራራቃሉ። የፋዩሚ አውራ ጀርባው ነጭ፣ ጅራቱ ጥቁር ሲሆን፣ የኩኩክ አውራ ግን እንደ ሴቷ ሁለመናው የተሸነተረ ነው፤ ልዩነቱ ከእሷ ፈካ ማለቱ ብቻ ነው።

ያ መፍካት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በአዕዋፍ ዘንድ አውራው ዜድ የሚባለው ክሮሞዞም ሁለት አለው፤ ሴቷ ያላት አንድ ነው። እንደ ኩኩክና እንደ ፕሊመዝ ሮክ ባሉ ዝርያዎች ሽንትሩን የሚያወጣው ዘረመል የተቀመጠው እዚሁ ክሮሞዞም ላይ ነው። ስለዚህ አውራው ሁለት እጥፍ ሲወርስ ነጩ መስመር ይሰፋለታል፤ ሴቷ አንድ ብቻ ስትወርስ ጥቁሩ ያይልባታል። በፋዩሚ ግን ሽንትሩ የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው። አንድ ስም የተሰጣቸው ሁለት ገብስማዎች፣ ሥራቸው ሲቆፈር፣ በሁለት ልዩ ልዩ ምክንያት ገብስማ ሆነው ይገኛሉ ማለት ነው። ተገላቢጦሹም አለ፦ ፈካ ያለው አውራና ጠቆር ያለችው ሴት፣ ገበያተኛ በሁለት ስም ሊጠራቸው ቢችልም፣ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ከዚህ የከፋ መመሳሰልም አለ። ደረተ ጥቁር፣ ጀርባው ቀይ፣ አንገቱ ወርቃማ የሆነው አውራ ዶሮ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው፤ የቤት ዶሮ ዋና አባት የሆነው ቀዩ የጫካ ዶሮም የሚመስለው እንዲሁ ነው። ይህን መልክ ግን ሁለት ልዩ ልዩ የዘር ሐረጎች ይሰጣሉ። በአንደኛው ሐረግ ሴቷ እንደ ቆቅ ቡናማና ዝንጉርጉር ስትሆን፣ በሁለተኛው የስንዴ ቀለም ያላት ናት። እህቶቻቸው እንዲህ በግልጽ ሲለያዩ ወንድሞቻቸው ጎን ለጎን ቢቆሙ ልምድ ያለው አርቢ እንኳ ያመነታል። የቀረው ምልክት የላባው ሥር ነው፦ ላባው ሲገለጥ ከታች ያለው ለስላሳ ክፍል በአንደኛው ግራጫ፣ በሁለተኛው ነጣ ያለ ይሆናል። ያም ካላጠገበ የሚቀረው ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ መጠበቅ ነው፤ የመጀመሪያው ሐረግ ጫጩቶች ጀርባቸው ላይ ቡናማ ጭረት ይዘው ሲወጡ የሁለተኛው ጫጩቶች ገረጣ ያሉና ጭረት የሌላቸው ናቸው።

ዶሮ በዓይኑ የሚለይ ሰው እዚህ ላይ አንድ አሮጌ ችግር ያጋጥመዋል። ቀይ ዶሮ ላይ አንድ ነጭ ላባ ቢበቅል ቀይነቷ አይቀርም። ሁለት፣ ሦስት፣ አሥር ቢሆንም እንዲሁ። ግን አንድ አንድ እያለ ሲጨመር ዶሮዋ የሆነ ቦታ ላይ ወሰራ ሆና ትገኛለች፤ «ይቺ ላባ ናት ወሰራ ያደረገቻት» ብሎ ማሳየት የሚችል ሰው ግን የለም። የጥንት ግሪኮች ይህን ችግር በእህል ክምር መስለው አስቀምጠውታል፦ ስንተኛዋ ቅንጣት ስትወሰድ ነው ክምሩ ክምር መሆኑ የሚቀረው? የሃይማኖት ሕግ ግን እንደ ፈላስፋ ጥያቄውን አንጠልጥሎ መተው አይችልም። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 19 ለመንጻት ሥርዓት የምትፈለገው ጊደር ቀይ እንድትሆን ታዝዟል፤ የአይሁድ ሊቃውንት በሚሽና ውስጥ ስንት ሌላ ቀለም ያለው ጸጉር እንደሚያበላሻት ተከራክረውበታል። አንዳንዶቹ ሁለት ጸጉር በቂ ነው ሲሉ ሌሎቹ ተበታትኖ ከተገኘ ተነቅሎ ጊደሯ ትለፍ ብለዋል። የቁጥሩ መለያየት ራሱ ምስክር ነው፤ ድንበሩ በጊደሯ ቆዳ ላይ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ባላስፈለገ ነበር። ድንበር ግን አስፈለገ፤ ስለዚህ ተሰመረ።

ከዚህ ተነሥቶ ወገን ሁሉ ሰው ሠራሽ ነው ብሎ መደምደም ይቀላል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደዚህ ቀርቦ ነበር፤ በእሱ አስተያየት ሰው ነገሮችን የሚመድበው ዓይኑ ባገኛቸው ምልክቶች ተመርቶ በሰበሰበው ሐሳብ ነው፤ ነገሩን ነገር የሚያደርገው ውስጣዊ ባሕርይ ግን ተሰውሮበታል። ፕላቶን ደግሞ ከእሱ 2000 ዓመት በፊት የተሻለ ምሳሌ ሰጥቷል፦ በትክክል የሚከፋፍል አሳቢ እንደ ጥሩ ሥጋ አራጅ መገጣጠሚያውን ተከትሎ ይቆርጣል፤ አጥንት አይሰብርም። ለአማርኛ አንባቢ ይህ ምሳሌ እንግዳ አይደለም። ዶሮ 12 ብልት አላት ይባላል፤ የባለሙያ ሴት ልክም ብልቱን ሳትሰባብር ማውጣቷ ነው። መገጣጠሚያው እውነት ነው፤ ቢላዋው ሲያገኘው ሰተት ይላል። 12 የሚለው ቁጥር ግን የልማድ ነው፤ በሌላ አገር ያለ ወጥ ሠሪ ያችኑ ዶሮ ስምንት ቦታ ከፍሎ ያወጣታል፤ እሱም አጥንት አልሰበረም። የላባ ቀለምም እንዲሁ ይመስላል። መገጣጠሚያዎች አሉ፤ ስንቱን ብልት ብለን እንደምንጠራው ግን ልማድ ይወስናል።

መገጣጠሚያው እውነት መሆኑን ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየው የሁለቱ ነጮች ነገር ነው። ነጭ ሌግሆርንና ነጭ ዋያንዶት በቀለም ሲታዩ ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ በቀለማቸው የሚለያቸው ዓይን የለም። ይሁንና የሌግሆርን ነጭነት ገዢ ነው፤ ሌላውን ቀለም ከላይ ሆኖ ይሸፍነዋል። የዋያንዶቱ ነጭነት ተሸናፊ ነው፤ የሚታየው ከአባትም ከእናትም ሲወረስ ብቻ ነው። ሁለቱ ሲዳቀሉ የመጀመሪያው ትውልድ ነጭ ይወጣል፤ አልፎ አልፎ ጥቁር ነጥብ ጣል ጣል ያደርግበታል እንጂ ምስጢሩን አያወጣም። እነዚህ ልጆች እርስ በርስ ሲዳቀሉ ግን ከ16 የልጅ ልጆች በአማካይ 13ቱ ነጭ፣ 3ቱ ባለ ቀለም ይሆናሉ። ነጭ ከነጭ ተወልዶ፣ አያቶቹም በሁለቱም ወገን ነጭ ሆነው፣ ጥቁር ዶሮ ይፈለፈላል። ጎረቤት ያለውን አውራ ዶሮ የጠረጠረች ባለቤት ልትኖር ትችላለች፤ አውራው ግን ንጹሕ ነው። ሌግሆርኑ ከነጩ በታች ብዙ ጊዜ የሽንትር ዘረመልም ሸሽጎ ይገኛል፤ ከላይ የተጠቀሰው ኩኩክ ከጥቁር አውስትራሎርፕና ከነጭ ሌግሆርን መዳቀል መነሣቱ ከዚህ ጋር አብሮ ሲታይ አያስደንቅም። ጥቁርና ነጭ ተገናኝተው ገብስማ የወለዱት ቀለማቸው እንደ ቡናና ወተት ስለተቀላቀለ አይደለም፤ በነጩ ሥር የተደበቀው ሽንትር የሚታይበት ጥቁር መደብ ስላገኘ ነው።

ሰማያዊ የሚባለው ዶሮ ደግሞ ችግሩን ከሌላ ጎን ያመጣዋል። ስሙ ሰማያዊ ይባል እንጂ ዓይን የሚያየው አመድማ ነው፤ ብዙ ጊዜ የእያንዳንዱ ላባ ዳር ጠቆር ያለ መስመር ይዞ ይታያል። ከእሱ ጋር የሚምታታው ላቬንደር የተባለው ፈዛዛ አመድማ ነው፤ ይህኛው ዳርና መሐል ሳይለይ ከራስ እስከ ጅራት እኩል ደብዛዛ ነው። በላባ ዳር መለየት ይቻላል፤ ቁም ነገሩ ግን ዘር ላይ ነው። ላቬንደር ከላቬንደር ጋር ተዳቅሎ ላቬንደር ብቻ ይወልዳል። ሰማያዊ ከሰማያዊ ሲዳቀል ግን ግማሹ ብቻ ሰማያዊ ይሆናል፤ ሩቡ ጥቁር፣ ሩቡ ደግሞ ነጣ ብሎ ሰማያዊ የተፈነጠቀበት ይወጣል። አንዳሉሲያ የተባለው ዝርያ በዚህ ምክንያት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለዘር ውርስ ተመራማሪዎች የመማሪያ ምሳሌ ሆኗል። ሰማያዊ ብቻ የሚፈልግ አርቢ ግማሹን ጫጩት ዝርያው ያልወጣለት ብሎ ያገልላል። ካገለላቸው ውስጥ ግን ጥቁሩንና ፍንጥቁን ቢያዳቅላቸው ጫጩቶቹ በሙሉ ሰማያዊ ይሆኑለት ነበር። ራሱን በራሱ መውለድ የማይችል፣ ከሁለት «ያልሆኑ» ግን ያለ ጉድለት የሚወለድ ነገር ወገን ይባላልን? በኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ ወገን የሚለው ቃል የተሰጠው ዘሩን በራሱ ለሚያወጣው ነው። በዚያ መስፈርት ላቬንደር ያልፋል፤ ሰማያዊ ይወድቃል። በዓይን ግን ሁለቱም እኩል የሚታዩ፣ እኩል ስም የሚገባቸው ናቸው።

ቀለም የባሕርይ ሳይሆን የአጋጣሚ ነው የሚለው ትምህርት በመካከለኛው ዘመን ሊቃውንት ሁሉ የተጠና ነበር፤ መማሪያውም የ3ኛው ክፍለ ዘመኑ ፖርፊርዮስ ለአርስጣጣሊስ አመክንዮ ያዘጋጀው የመግቢያ መጽሐፍ ነው። ፖርፊርዮስ ከባለቤቱ የማይለይ አጋጣሚ ለሚለው የሰጠው ምሳሌ የቁራና የኢትዮጵያዊ ጥቁረት ነበር፤ ጥቁረቱ በተግባር ባይለያቸውም ቁራ ነጭ ሆኖ ቢታሰብ ቁራነቱ አይጠፋም ይላል። ለአንባቢው ለራሱ ለኢትዮጵያዊው ምሳሌው ፈገግ ያሰኛል፤ ሐሳቡ ግን ለዶሮ በትክክል ይሠራል። ላባዋ ከተነጨ በኋላ ገብስማና ቀይ በአንድ ድስት አንድ ዓይነት ወጥ ይሆናሉ። ቻርለስ ዳርዊን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1868 ባሳተመው ሥራ ጥቁር የስፔን አውራ ከነጭ ሲልኪ ሴቶች ጋር አዳቅሎ፣ ከልጆቹ አንዱ የቀዩን የጫካ ዶሮ መልክ ይዞ መውጣቱን ጽፏል። ጥቁርም ነጭም ያልሆነው ጥንታዊ መልክ ጠፍቶ አልነበረም፤ ተሸፍኖ ነበር። ያ ጥንታዊ መልክም ቢሆን የመጨረሻው መሠረት አይደለም፤ የብዙ የቤት ዶሮዎች የእግር ቢጫነት ከሌላ ወገን፣ ከግራጫው የጫካ ዶሮ እንደተገኘ እ.ኤ.አ. በ2008 በዘረመል ጥናት ታይቷል። ጥንተ ወገን ፍለጋው በሄደ ቁጥር ሌላ ቅይጥ ያጋጥመዋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የዶሮ ተመራማሪዎችም ይህን መንገድ ሄደውበታል። በመጀመሪያዎቹ ጥናቶች የአገሩ ዶሮ ጥቁር፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ገብስማና አንገተ መላጣ ተብሎ በገበያው ስም ተመድቦ ነበር። ኋላ የመጡት ሆሮ፣ ጃርሶ፣ ጥሊሊ፣ ቴፒ እያሉ በሚኖርበት ቦታ መደቡት፤ ምክንያቱም በአንድ መንደር ያሉ ቀይና ጥቁር ዶሮዎች በደም ከሩቅ መንደር አቻ ቀለማቸው ይልቅ እርስ በርስ ይቀራረባሉ። ላባው ስም አወጣ፤ ዝምድናው ግን በሌላ አቅጣጫ ሄደ። ሁለቱም አመዳደብ ዶሮውን ይነካል፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን አንድ አይደለም። ለበዓል የሚገዛ ሰው የሆሮን ትውልድ አይጠይቅም፤ በሽታ የሚቋቋም ዝርያ ለሚፈልግ ተመራማሪም ገብስማነቷ ብዙ አይነግረውም።

የመጽሐፍ ቅዱስ ትረካም ሁለቱን ለያይቶ አስቀምጧል። ወገኖችን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፤ ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ለማየት እንስሳቱን ያመጣቸው ግን ወደ አዳም ነው። መፍጠርና መሰየም የአንድ እጅ ሥራ አልሆኑም። ያዕቆብና ላባን ደመወዛቸውን በበግና በፍየል ቀለም ሲዋዋሉ የአማርኛው መጽሐፍ ሽመልመሌ፣ ዝንጉርጉርና ነቁጣ የሚሉ ቃላትን ይጠቀማል፤ እነሱም መስመሩን፣ ድብልቁንና ነጠብጣቡን የሚለዩ ናቸው፤ ከላይ ከተነቀሉት ሦስት ላባዎች ጋር መግጠማቸው አንባቢን ሳያስገርም አይቀርም። ያዕቆብ ባለ ቀለም ግልገሎች እንዲወለዱለት በመጠጫው ፊት የተላጠ በትር አቁሞ ነበር፤ በዘፍጥረት ምዕራፍ 31 የተነገረው ሕልም ግን ዓይኑን ወደ በትሩ ሳይሆን ወደሚያጠቁት አውራዎች ይመራዋል። ቀለሙ የመጣው ከወላጅ ነው።

ይህ ሁሉ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ገበያ ላይ ሌላ ክብደት ያገኛል። በአንዳንድ ቤት ለጭዳ የሚታዘዘው ዶሮ ቀለሙ አስቀድሞ ይወሰናል፤ ገብስማ ከተባለ ቀይ አይተካውም፤ ባለዛሩ ወይም ጠንቋዩ ያዘዘው ቀለም እስኪገኝ ዋጋው ይወጣል። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ልማዱን ይገሥጻሉ። በኦሪት ዘሌዋውያን ለመሥዋዕት የተፈቀዱት ወፎች ርግብና ዋኖስ ናቸው፤ ዶሮ የለበትም፤ የላባ ቀለምም አልተጠየቀም። በአይሁድ ዘንድም ለማስተሰርያ ቀን ዋዜማ ዶሮ በራስ ላይ የማዞር ልማድ አለ፤ ነጭ አውራ የሚፈልጉ ሰዎች ሲበዙ ሊቃውንቱ ቀለም አጥብቆ መምረጥ የአሕዛብ መንገድ ነው ብለው ተቃውመዋል። ሁለቱ ተግሣጾች ሳይገናኙ አንድ ቦታ ደርሰዋል።

ከተግሣጹ ሌላ አንድ የአመክንዮ ጥያቄ አለ። ታዛዡ ገበያ ሄዶ የኩኩክ ሽንትር ሴት ይዞ ቢመለስ ትእዛዙ ተፈጽሟልን? በዓይን ተፈጽሟል፤ በስምም ተፈጽሟል፤ በዘር ግን ያቺ ዶሮ ከሐበሻ ገብስማ ጋር ዝምድናዋ ሩቅ ነው፤ ከጥንት አያቶቿም መካከል ነጭ ሌግሆርን አለ። ዛሩ የሚፈልገው ዓይን የሚያየውን ከሆነ ጠቆር ያለ ቀለም የተቀባ ነጭ ዶሮም በበቃው ነበር። የሚፈልገው ዘሩን ከሆነ ደግሞ አዛዡ ራሱ የሚለይበት መንገድ የለውም። ደጃፍ ላይ ቆሞ ዶሮዋን በክንፏ አንሥቶ፣ ላባዋን ገልጦ «ይቺ ገብስማ ናት» ወይም «አይደለችም፣ መልሳት» የሚለው ያው ገዢው ወይም አዛዡ ነው፤ ፍርዱንም የሚሰጠው ሻጯ በተጠቀመችባቸው በእነዚያው ስሞች ነው።